ጉድጓድ አፍ ላይ

ምንይሉ የፑል ጠረጴዛውን ለሦስተኛ ጊዜ ዞረው። የእሱ የነበሩት ባለሙሉ ቀለም ኳሶች አንድ ሳይቀሩ ገብተዋል፤ የቀረችው ጥቁሯ ስምንት ቁጥር ብቻ ናት። እሷን ካስገባ አሸነፈ። ችግሩ የሚያስገባበት ጉድጓድ ማጣቱ ነው። ከስድስቱ ጉድጓዶች በአራቱ አፍ ላይ የጋሽ ዳኜ ባለመስመር ኳሶች እንደ በረኛ ቆመዋል። የቀሩት ሁለቱ ክፍት ናቸው፤ ግን ነጯ ኳስ ካለችበት ቦታ ወደ እነሱ የሚወስድ መንገድ የለም።

«ኧረ ወጣቱ፣ ዛሬ ቤታችን አንገባም?» አለ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ጋሽ ዳኜ አልሳቁም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መምቻ ስቲካቸውን እንደ መቋሚያ ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በየቅዳሜው ከደጋው ገብስ ጭነው ይወርዳሉ፤ ገበያው ሲፈታ ፈረሳቸውን በር ላይ ያስሩና አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ወደ አገራቸው ይወጣሉ። ከአንድ ጨዋታ በላይ ሲጫወቱ ያያቸው የለም። ጨዋታውን የተማሩት በጉብዝናቸው ጊዜ ደብረ ብርሃን ግንበኛ ሳሉ ነው ይባላል፤ አባታቸው ሲሞቱ መሬቱን ሊይዙ ተመለሱ፤ ከከተማው ኑሮ የቀራቸው ይኸው አንድ ጨዋታ ነው።

አርሴማ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና የምንይሉን ጆሮዎች አየች። ቀልተዋል። ጆሮው ሲቀላ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። በሆዷ «ተው፣ ቀስ በል» አለች። ምንይሉ ግን ጎንበስ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ጥቁሯ ከጠርዝ ጠርዝ ስትላጋ ቆይታ ጠረጴዛው መሀል ቆመች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዳኜ አልተቸገሩም። በየጉድጓዱ አፍ ያቆሟቸው ኳሶች መነካት ብቻ ነበር የቀራቸው። አንድ በአንድ ሸኟቸው፤ ጥቁሯንም አስከተሉ። ስቲኩን ቦታው መለሱና ለምንይሉ እጃቸውን ዘረጉለት።

«አመታትህ ግሩም ነው፤ ችኮላህ ነው እንጂ» አሉት።

ከልባቸው ነበር ያሉት። ለምንይሉ ግን እንደ ስድብ ተሰማው። ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ፑል ቤቱ ሞላሌ ገበያ ዳር ያለች፣ በሯ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቤት ናት። ባለቤቷ የአርሴማ አክስት፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ናቸው። ጠረጴዛውን ባላቸው ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ ጭነው ያመጡት ጊዜ የከተማው ሰው እንደ ሙሽራ አጅቦ ነበር ያስገባው። ባላቸው ሲሞቱ «ሴት ልጅ ደግሞ ፑል ቤት ልትይዝ?» ያለ ብዙ ነው። እሳቸው ግን ማቃቸውን ሲያወጡ በሩን ከፈቱ፤ ደንብም አወጡ። በዩኒፎርም መግባት ክልክል ነው። መወራረድ ክልክል ነው። ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ፣ ሻይ ማስቀመጥ፣ በክርን መደገፍ ክልክል ነው። አረንጓዴው ጨርቅ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው። ቢቀደድ የሚቀይረው ባለሙያ ያለው ደብረ ብርሃን ነው፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ጠረጴዛው ከቆመ የቤቱም ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው።

አርሴማ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። ወላጆቿ ያሉት በጓሳ በኩል ነው። በሰፈራቸው ከስምንተኛ ክፍል በላይ ስለሌለ አባቷ ወደ እህታቸው አመጧት። ታላቅ እህቷ ማንጠግቦሽ እንዲህ የሚያስጠጋት ዘመድ አላገኘችም፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተዳረች፤ አሁን ልጅ አዝላለች። አባቷ አርሴማን ትተዋት ሲሄዱ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እህቴን ያስቀየምሽ ዕለት ትምህርቱም ያበቃል። ሌላ የማስገባሽ ቤት የለኝም።»

እሷም እስካሁን አላስቀየመችም። ማለዳ ተነስታ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ጨርቁን በብሩሽ ታጸዳለች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት እስክትሄድ ባለው ጊዜ ብቻዋን ትጫወታለች። ይህን አክስቷ ያውቃሉ፤ አይተው እንዳላዩ ያልፏታል። ኳሶቹን ጉድጓድ አፍ ላይ ታቆምና እንዴት እንደሚታለፉ ትሞክራለች። የጋሽ ዳኜን ጨዋታ ቅዳሜ ቅዳሜ እያየች፣ እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ያንኑ ትደግመዋለች።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሲገቡ የምንይሉ ስም ተለውጦ ቆየው። «አራት በረኛ መጣ!» እያሉ የክፍሉ ወንዶች አጨበጨቡለት። ምንይሉ ሳቀ፤ ግን ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። አርሴማ አጠገቡ ነው የምትቀመጠው። መጀመሪያ ሞላሌ ስትመጣ ከጓሳ ስለሆነች «ጭላዳ» ይሏት ነበር፤ እንደ ዝንጀሮዋ ጥርሳቸውን እያሳዩ። አንድ ቀን ምንይሉ ተነስቶ «ከእንግዲህ ጭላዳ የሚላት ከእኔ ጋር ነው» አለ። ስሙ ያን ዕለት ቀረ። እሷ ደግሞ ሒሳብ ታስጠናዋለች። እንዲህ ነው የተግባቡት።

በእረፍት ሰዓት ከውርጩ ሸሽተው ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ቆሙ።

«አንተ የተሸነፍከው መጨረሻ ላይ አይደለም» አለችው። «መጀመሪያ ላይ ነው። የራስህን ኳሶች እየተጣደፍክ አስገብተህ ጨረስክ። እሳቸው ሦስት ብቻ አስገቡና አራቱን ጉድጓድ አፍ ላይ አቆሟቸው። ያንተ ሲያልቅ የሚከልላቸውም፣ የሚያስቸግራቸውም ነገር አልቀረም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በላያቸው ልዝለል?»

«አንተም አቁም። አንድ ሁለት ጉድጓድ ያንተ ይሁን። ካልቸገረህ አታስገባ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለች ኳስ የትም አትሄድም።»

«እሺ፣ እሳቸው የዘጉብኝስ?»

አርሴማ ፈራ ተባ አለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። «የሳቸውን ኳስ አስገባላቸው።»

«ምን?»

«የራስህን ኳስ ምታና በሷ ግፋት። የሳቸው ትገባለች፤ ተራህንም ታጣለህ። ግን ጉድጓዱ ተከፈተልህ። ብቻ ይህን የምታደርገው ሌላ ኳስህ ለዚያ ጉድጓድ ተዘጋጅታ ስትቆም ነው። ነጯንም ለሳቸው የማትመች ቦታ ላይ ትተዋታለህ።»

«አቦ አርሴማ! የሰው ኳስ ላስገባ? ሼም አይደለም እንዴ? ሰው ሁሉ ሙድ ይይዝብኛል!»

«አሁንስ አልያዙብህም?» አለችው።

ረቡዕ ከራቤል የሞት መርዶ መጣ። የወይዘሮ ወሰንየለሽ የክርስትና እናት አርፈው ነው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ የፑል ቤቱን ቁልፍ አርሴማ መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

«ዓርብ ማታ እመለሳለሁ። እስከዚያ ይህ በር አይከፈትም። ንጉሥም ቢመጣ አይከፈትም። ሰማሽ?»

«እሺ፣ እትዬ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጣው ንጉሥ አልነበረም፤ ምንይሉ ነበር። ዩኒፎርሙን ቀይሯል። በጓሮ በኩል ቆሞ እጆቹን እያፋተገ ለመናት።

«አንድ ጨዋታ ብቻ። ያልሽኝን ልሞክረው። ቅዳሜ እንደገና ልገጥማቸው ነው፤ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

«አይሆንም። እትዬ የሉም።»

«ስለሌሉ እኮ ነው። ሰው ፊት የሰው ኳስ እያስገባሁ ልለማመድ ነው? አታካብጂው አርሴማ፤ ምን እንዳይሆን ነው?»

አርሴማ እምቢ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። የክፍሉ ወንዶች ጭብጨባ ትዝ አላት። ቁልፉ ደግሞ ኪሷ ውስጥ ነበር። ከፈተችለት።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ሦስት ባለመስመር ኳሶች በሦስት ጉድጓዶች አፍ ላይ አቆመችለት። ምንይሉ እያጉረመረመ የራሱን ኳስ መታና የመጀመሪያዋን «በረኛ» አስገባት። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ኳሱ በተከፈተው ጉድጓድ ሰተት ብላ ገባች። ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ቅዳሜ የጠፋው ሳቅ ተመልሶ ነበር።

«ኧረ ይሠራል!»

«ቀስ ብለህ ከሆነ ይሠራል» አለች፤ ደስታዋን ልትደብቀው አልቻለችም። ሰው አንድም ቀን ከእሷ ጨዋታ ተምሮ አያውቅም።

በዚህ መሀል ጎረቤታቸው እማማ ተሾመች ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። አርሴማ ድምፅ እንዳይሰማ ለምንይሉ በእጇ ምልክት ሰጥታ ወጣች። እማማ ተሾመች ስለ ለቅሶው ጠየቁ፤ ስለ መንገዱ ጠየቁ፤ ወሰንዬ ጋቢ ይዛ ሄዳ እንደሆነ ጠየቁ። አርሴማ መልስ እየሰጠች ሳለ ከቤት ውስጥ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ ሲሚንቶ ላይ የሚንከባለል ነገር። እማማ ተሾመችን እንዴት እንደተሰናበተቻቸው አታስታውስም።

ምንይሉ ስቲኩን አቁሞ እንደ ሐውልት ደርቆ ነበር። ነጯ ኳስ መሬት ላይ ግድግዳውን ተደግፋለች። አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ደግሞ፣ ከጠረጴዛው አንድ ወገን ጠርዝ ስንዝር ያህል ገባ ብሎ፣ ትንሽ ጣት የምታህል ቅድ አፏን ከፍታለች።

«ባለመስመሯ መሀል ገብታ ዘጋችኝ» አለ ምንይሉ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «በላይዋ ላዘልላት ፈልጌ ነው። ስልክ ላይ አይቼ ነበር፤ ስቲኩን ከኋላ ከፍ አድርገው ወደ ታች ሲመቱ ነጯ ትዘላለች...»

አርሴማ ጨርቁን በጣቷ ነካችው። በአንድ ጊዜ የአባቷ ፊት፣ የማንጠግቦሽ ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን፣ ራቤል ለቅሶ ላይ የተቀመጡት አክስቷ መጡባት።

«ኮላ አላችሁ?» አለ ምንይሉ።

ነበራቸው፤ ለጫማ የሚሆን። በቀጫጭን ጣቶቿ የቅዱን ጠርዝና ጠርዝ ገጥማ የለጠፈችው ራሷ ናት። የለጠፈችውን ስትጫን እንባዋ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። ሲደርቅ ካላጎነበሱ በቀር አይታይም ነበር።

ዓርብ ማታ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ድካም ተጭኗቸው ገቡ። ቁልፉን ተቀብለው የፑል ቤቱን በር ገፋ አድርገው፣ መብራት አብርተው፣ ኳሶቹን በዓይናቸው ቆጠር አድርገው አጠፉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። አርሴማ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ «አሁን ልንገራቸው» እያለች ነጋ።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም አለ። የአራት በረኛውን ልጅ ብድር መመለስ ለማየት የክፍላቸው ወንዶች ሳይቀሩ መጥተዋል። አርሴማ ትናንት ምንይሉን «ቅር፤ አሞኛል በል» ብላው ነበር። «ብቀር ፈራ ይሉኛል» ብሎ እምቢ አለ።

በዚያ ቀን ምንይሉ ሌላ ሰው ሆኖ ተጫወተ። አልቸኮለም። ሁለት ኳሶቹን በሁለት ጉድጓዶች አፍ ላይ አቆመ። ጋሽ ዳኜ ሦስተኛውን ሲዘጉበት ኳሳቸውን ራሱ አስገባላቸው። ተመልካቹ «እንዴ! የሳቸውን?» ብሎ ተንጫጫ። ጋሽ ዳኜ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸው ውስጥ ፈገግታ ብልጭ አለ። ከሁለት ተራ በኋላ የተከፈተው ጉድጓድ ለምንይሉ ሲያገለግለው የተንጫጫው ሁሉ አጨበጨበለት። ሌላ ቀን ቢሆን አርሴማ በደስታ በፈነደቀች። አሁን ግን የምታየው ነጯን ብቻ ነበር፤ የምትንከባለልበትን እያንዳንዱን መንገድ።

ከዚያ የምንይሉ ተራ ደረሰ። የሚያስገባት ኳስ አልነበረውም። ነጯን ለጋሽ ዳኜ የማትመች ቦታ ላይ መተው ነበረበት። ከመምታቱ በፊት አንድ ጊዜ ዓይኑን ወደ ለጠፉበት ቦታ ወረወረ፤ አርሴማ አየችው። መታ። ነጯ ኳሱን በስሱ ነክታ ተመለሰች፤ ቀስ፣ ቀስ እያለች መጣችና ኮላው አጠገብ ቆመች።

ጋሽ ዳኜ ጎንበስ አሉ። እንደ ልማዳቸው ስቲኩን ሁለት ጊዜ ወዲህ ወዲያ አድርገው፣ ለስለስ አድርገው መቱ። የስቲኩ ጫፍ የደረቀው ኮላ ጠርዝ ላይ ተሰነቀረ። ጨርቁ «ትርር» ብሎ ተቀደደ፤ አሁን ስንዝር የሚያህል።

ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ተንጠራራ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከባንኮኒው ጀርባ እንዴት እንደወጡ ማንም አላየም። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ዳኜ!» አሉ። «ሌላው ቢሆን ልጅ ነው፣ ሰካራም ነው እላለሁ። አንተ? አንተ እኮ ነህ ለልጆቹ ምሳሌ ትሆናለህ ያልኩህ!»

ጋሽ ዳኜ ቅዱን አዩ፤ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አዩ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ ወሰን» አሉ ቀስ ብለው። «የኔው እጅ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም።»

«በል ሂድልኝ። ዓይኔ አይይህ።»

አርሴማ ምንይሉን አየችው። ምንይሉ ጣሪያውን ያያል። ልትናገር አንድ እርምጃ ወጣች፤ የአባቷ ቃል መለሳት። ጋሽ ዳኜ ስቲኩን ቦታው መለሱ፤ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ የፈረሳቸው ኮቴ ከበሩ ሲርቅ ተሰማ።

ማታ ጠረጴዛው በሸራ ተሸፍኖ፣ አክስትና የወንድም ልጅ ራት በሉ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ጉርሻቸውን መለስ አድርገው «ሰው አይታመንም፣ አርሴማዬ» አሉ። «እኔ ሳልኖር ቤቱን ያለ እንከን የጠበቅሽልኝ አንቺ ልጅ ነሽ፤ ያከበርኩት ሰው ግን እዚሁ ፊቴ ቀደደው።» ጉርሻውን ለአርሴማ አጎረሷት። አርሴማ ማላመጥ አቃታት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምንይሉን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጠበቀችው።

«ነጯን እዚያ ያቆምካት ሆን ብለህ ነው?»

ምንይሉ በእግሩ ጠጠር ይገፋ ጀመር።

«እንንገራቸው» አለች።

«አንቺ ብትነግሪያቸው "ማን ከፈተው?" ይሉሻል። ጓሳ ትመለሻለሽ፤ እኔን ደግሞ አባቴ በሕይወት አይተወኝም። ሰውየው አልተከሰሱ፣ አልታሰሩ። ፑል ባይጫወቱ ምን ይሆናሉ? ገበሬ ናቸው። በቃ እርሺው።»

ያለው ሁሉ እውነት ይመስል ነበር። አርሴማ ሳምንቱን ሙሉ ለራሷ ደጋገመችው። ክፍል ውስጥ «አራት በረኛ» የሚለው ስም ጠፋ፤ በምትኩ ወንዶቹ ምንይሉን «ባይቀደድ ኖሮ አሸንፈህ ነበር» እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። እሱም «ኖሮማ» ይላል። ከአርሴማ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ትቷል። ሒሳብ ጥናቱም ቀረ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። አርሴማ ከፈተች። ጋሽ ዳኜ ናቸው። በእጃቸው ገመድ ይዘዋል፤ በገመዱ ጫፍ ሆዷ የሰፋ ነጭ በግ ትተነፍሳለች።

«እትዬ ወሰን አሉ?»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ በረንዳው ላይ ወጡ። ጋሽ ዳኜ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጨርቁን የሚቀይረው ሰው ከደብረ ብርሃን እንደሚመጣ ሰማሁ። ይቺ ለሱ ትሁንልኝ። ደርሳለች፤ ሰሞኑን ትወልዳለች።»

«ኧረ ዳኜ፣ በግ አምጣ አልኩህ እንዴ?»

«አላሉም። ግን የሰው ንብረት አበላሽቼ ዝም ብል እንቅልፍ አይወስደኝም።» ገመዱን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰሩ። ሲያስሩ ቀኝ እጃቸውን አንድ አፍታ ዘርግተው አዩት። «ምናልባት መንቀጥቀጥ ጀምሮኝ ይሆናል። አባቴንም በዚሁ ዕድሜ ነው የጀመረው። ለእኔ አልታወቀኝም። ከእንግዲህ ስቲክ አልነካም፣ ይበቃኛል። ደህና ይዋሉ።»

ወደ ውስጥ እንኳ አላዩም። ፈረሳቸውን እየሳቡ በገበያው ሰው መሀል ጠፉ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ በረጅሙ ተነፈሱ። «ጨዋ ሰው ነው፤ ተቆጥቼው ነበር... በይ፣ ወደ ጓሮ አስገቢያት።»

አርሴማ ገመዱን ፈታች። በጓ እጇን አሸተተቻት። ወደ ጓሮ የሚወስደው በር ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ እግሯ ግን አልሄደም።

«ምን ሆንሽ?»

«እትዬ፣ በጓ አትግባ።»

«ምን?»

«ጋሽ ዳኜ አልቀደዱትም። ከዚያ በፊት ነው የተቀደደው። ሐሙስ ዕለት፤ እርስዎ ራቤል ሳሉ።» ቃላቱ አንዴ ከወጡ በኋላ እየተገፋፉ መጡ። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በኮላ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሳጸዳም አውቅ ነበር። እሳቸው ሲመቱም አውቅ ነበር።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጮኸው ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ገበያው ውስጥ አህያ አናፋ።

«ብቻሽን ነበርሽ?»

«አይ።»

«ማን ነው የመታው?»

አርሴማ መሬት መሬቱን አየች። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «የኔን ነግሬዎታለሁ፣ እትዬ። የሱን ራሱ ይንገርዎት።»

«ባይነግረኝስ?»

«አላውቅም።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ ንዴትም ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር፤ አርሴማ ልትለየው አልቻለችም። «ላባትሽ ልደውል አልደውል ገና አላሰብኩም» አሉ በመጨረሻ። «አንቺንም እንዴት እንደማምንሽ አላውቅም። አሁን በጓን ይዘሽ ዳኜን ተከተይው። እኔ የጠየቅሁሽን እሱም ይጠይቅሻል፤ በገዛ አፍሽ ንገሪው። ከዚያ ተመልሰሽ ነይ፤ እንነጋገራለን።»

አርሴማ ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለችና ወጣች።

ገበያው ደርቷል። በጓ ከሰው እግር ሥር እየተሹለከለከች አስቸገረቻት። ምንይሉ ከጫማ ሻጮቹ አጠገብ ጆተኒ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ቆሞ ነበር። አያት። ከዚያ በጓን አየ፤ ገመዱን አየ። ከልጆቹ ተነጥሎ ወደ እሷ መጣ።

«ነገርሻቸው?»

«የኔን።»

«የኔንስ?»

«ስምህን አልጠራሁም። ግን ጠይቀውኛል።» መንገዷን ልትቀጥል ብላ ቆመች። «ጋሽ ዳኜ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረኝ ብለው ስቲክ ሊተዉ ነው። አንተም እንድትሰማው ነው የነገርኩህ።»

ምንይሉ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ከኋላው አንዱ ልጅ «ምንይሉ፣ ተራህ ነው!» ብሎ ተጣራ። አርሴማ መልሱን አልጠበቀችም።

ጋሽ ዳኜን ያገኘቻቸው በገበያው ጫፍ፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት፣ ባዶ ከረጢቶቻቸውን ፈረሱ ላይ ሲጭኑ ነው። ከኋላዋ የሚከተላት እርምጃ ይኑር አይኑር በገበያው ጫጫታ መለየት አልቻለችም፤ ዞራም አላየችም። ጋሽ ዳኜ ቀና ሲሉ መጀመሪያ ያዩት በጓን ነበር። ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ልጄ? አነሰቻቸው እንዴ?»

«አይደለም፣ ጋሼ» አለች አርሴማ። ገመዱን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። «እጅዎ ምንም አልሆነም።»

እሳቸው ሳይገባቸው ሲያዩዋት ከሐሙስ ዕለት ጀምራ ነገረቻቸው።